ሰባተኛውና ስምንተኛው ጣውላ

«አንቺ ለማትረግጪው ወለል ምን ያንጨረጭርሻል?»

ወንድሜ ነው ፊት ለፊቴ ቆሞ እንዲህ ያለኝ። በአንድ እጁ ከሱቅ ያመጣውን የሴራሚክ ናሙና ይዟል፤ ነጭ ነው፣ እብነ በረድ እንዲመስል ግራጫ መስመር ተሰምሮበታል። በሌላው እጁ የባጃጁን ቁልፍ ያሽከረክራል። ሚስቱ ከኋላው ቆማ ሴራሚኩን ትታ እኔን ታየኛለች።

«ከአንድ ወር በኋላ አዳማ ነሽ» አለ። «እዚህ የምንኖረው እኛ፣ የምንወለውለው እኛ። አቦ ተይን።»

«አባዬስ?» አልኩት።

«አባዬ ምን? ሴራሚክ ላይ መራመድ አይችልም? እግር የለውም?»

«እግር አለው። የሌለው ዓይን ነው።»

ይህን ስል አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ በሩም ክፍት ነው። አፌ እንዲህ ነው፤ የተናገርኩትን ከወጣ በኋላ ነው የምሰማው። ወንድሜ ወደ በረንዳው አየ፣ ከዚያ ወደኔ። ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ቤታችን ሐረር፣ አቦከር ነው። አያቴ የሠራው የጭቃ ቤት፣ ከስሩ የድንጋይ መሠረት ያለው። ሳሎኑ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ጣውላ የተነጠፈበት ነበር፤ ከጣውላው ስር ባዶ ነው። ድመቶች ይወልዱበት ነበር። ልጅ ሆኜ በሆዴ ተኝቼ በአንዷ ቀዳዳ ቁልቁል አይ ነበር፤ ዓይኖቻቸው ብቻ ያበራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ የሻማ ቁራጭ በላምባ አቅልጣ ሰም ትሠራና ወለሉን ትቀባለች። ከዚያ እኔና ወንድሜ ያረጀ ሹራብ እግራችን ላይ አስረን ከግድግዳ ግድግዳ እንንሸራተታለን። እሷ «በርቱ፣ በርቱ» ትላለች፣ እኛ ጨዋታ ይመስለናል፣ ለካ እያሠራችን ነው። እናቴ ካረፈች ቆይቷል። የላምባና የሰም ሽታ ሲሸተኝ ግን ዛሬም ቅዳሜ ይመስለኛል።

ያ ወለል አሳባቂ ነበር። መሃል ላይ አንዲት ሰፊ ጣውላ ነበረች፣ ሳትረገጥ የማትታለፍ። ከትምህርት ቤት ፎርፌ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ጥግ ጥጉን ብሄድም ታጋልጠኛለች። አባቴ ጓዳ ሆኖ «ዛሬ ትምህርት በአራት ሰዓት አለቀ እንዴ?» ይላል። እንዴት አወቅክ ብዬ ስጠይቀው፣ «ወንድምሽ ሲረግጣት ታቃስታለች፣ እናትሽ ስትረግጣት ታስነጥሳለች፣ አንቺ ስትረግጫት ትሳደባለች» ይለኝ ነበር። ስንት ጊዜ ያችን ጣውላ በመጥረቢያ ልፈልጣት አስቤያለሁ።

አባቴ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ በሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግር በሚባለው፣ መፍቻና የዘይት ጣሳ ይዞ ከደጃፍ ደጃፍ ሲዞር ነው ዕድሜው ያለፈው። መኪናውን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። ሰፊውን «ርገጠው እስቲ» ይለውና ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከዚያ የተበላሸውን ይነግረዋል። «ጆሮው» ይሉት ነበር። እኔም ክረምት ክረምት መሣሪያውን እየተሸከምኩ ስከተለው ነው ሙያውን የለመድኩት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚህ ሦስት ወር፣ እዚያ አምስት ወር እየሠራሁ፣ የትም ሳልረጋ ከቆየሁ በኋላ አዳማ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ማሽን ጥገና ላይ ቀጠረኝ። ደብዳቤው ሲመጣ አነበብኩለት። «ሂጂ» አለኝ።

ዓይኑን የወሰደው የዓይን ግፊት ነው። መጀመሪያ ጎን ጎኑ ጠፋ፣ ከዚያ መሃሉ። አሁን የሚለየው መስኮቱን ከግድግዳው ብቻ ነው። ግን እቤት ውስጥ ዓይነ ስውር አይመስልም ነበር። የገባውን ሰው ሁሉ ከመናገሩ በፊት በስሙ ይጠራል። ጎረቤቶች አሁንም ያያል እያሉ ያሙት ነበር።

ባለፈው ክረምት አሸንዳው ተቀዶ ዝናቡ ስንት ሳምንት ወደ ግድግዳው ስር ሲገባ አላየንም። ስናይ ጣውላውን የተሸከሙት ሞራሌዎች በስብሰዋል፣ የተረፈውን ምስጥ ይዞታል። ወንድሜ በሁለት ቀን ነቅሎ አወጣው። ከስሩ ያልወጣ ነገር የለም፦ የመኪና መርፌ፣ ቁልፍ፣ ብይ፣ የእናቴ የጠፋ የጆሮ ጌጥ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ በስንጥቁ ያሾለክሁት የሒሳብ ፈተና። ወንድሜ ፈተናውን ለሚስቱ አነበበላት፣ ውጤቱን ደጋግሞ። ጣውላው ግን ስትነካው ይፈረፈራል፤ ማገዶ ሆነ። እኔ ራሴ ነኝ የቆራረጥኩት፣ መሃለኛዋን ጭምር።

አባቴን ወደ ጓዳ አዛወርነው። ጓዳው ሊሾ ነው፤ ሲሚንቶው ከመለስለሱ የተነሳ ሰው ሲገባ ኮሽ አይልም።

እዚያ በገባ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ቆጣሪ አንባቢው ከፊቴ ገባ። ቆጣሪው ጓዳው ግድግዳ ላይ ነው። ሰውዬው ስስ ጫማ አድርጓል፣ ወጣት ነው፣ ሰላም ሳይል ደብተሩን እያገላበጠ ቆመ። አባቴ ፊቱን ወደሱ አዞረ።

«ምነው ቆምሽ?» አለው። «ነይ ተቀመጪ። ሂጂ ያልኩሽ በአፌ ነው። ልቤማ ቅሪ ነው የሚለው። ቅሪ ብልሽ ደግሞ ትቀሪያለሽ፣ እሱን ፈርቼ ነው።»

ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ቆጣሪ ላነብ ነው፣ አባባ።»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከዚያ «አንብብ፣ አንብብ» ብሎ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ዳቦዬን እንደያዝኩ ወደ ኋላዬ ተመልሼ ከግቢው ወጣሁ፣ ጥቂት ቆይቼ እንደ አዲስ እየጮህኩ ገባሁ። መስማቴን አልነገርኩትም። እስካሁንም አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ማነው?» መጣ። እኔ ስገባ «ማነው?»፣ የወንድሜ ሚስት ውሃ ይዛለት ስትገባ «ማነው?»፣ ድመቷ ስታልፍ «ማነው?» ማን መሆኑን ካላወቀ ቃል አይወጣውም፤ ካወቀም በኋላ ቁጥብ ነው። ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማነው፣ ማነው። ወንድሜ ከጠዋት እስከ ማታ ባጃጅ ላይ ስለሆነ አይሰማውም። እኔ እሰማለሁ። እንግዲህ ያንጨረጨረኝ ይኸው ነበር፤ የራሱ ቤት ውስጥ ማነው የሚል አባት ትቼ አልሄድም። የሚናገር ወለል አነጥፍለትና እሄዳለሁ።

ሸዋ በር አካባቢ ያሉትን የእንጨት መሸጫዎች በሙሉ ዞርኩ። ባህር ዛፉ እርጥብ ነው፤ ሻጩ ራሱ «ሲደርቅ ይጣመማል፣ ግን ምን ችግር አለው» አለኝ። ቺፑዱ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። አንዱ ደግሞ የእንጨት ፎቶ የተለጠፈበት ፕላስቲክ አሳየኝ። በጣቴ አንኳኳሁት። ጭጭ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«እያናገርኩት።»

«መለሰልሽ?»

«ዲዳ ነው» ብዬው ወጣሁ።

የቆየ እንጨት መፈለግ እንዳለብኝ የነገረኝ መኪና ግርግር ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ጀጎል ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ድሮ ከዚሁ መንገድ ሱቅ የነበራቸው ሰፊ፤ ከሱቁ በላይ የነበረው ቀላ፣ ማለት የላይኛው ክፍል፣ ግድግዳው አብጦ ስለፈረሰ የወለሉን ጣውላ ግቢያቸው ደርድረውት ሁለት ዓመት ሆኗል አለኝ። «ግን አትልፊ፣ ለሰው አይሰጡም» አለ።

ግቢያቸው በር ላይ ቆመው በፕላስቲክ የተሸፈነውን ክምር አሳዩኝና መናገር ጀመሩ።

«ለማገዶ ከሆነ ሂጂ። ለአልጋ ከሆነ ሂጂ። አንዱ ባለሆቴል መጣ፣ ለቱሪስት ግድግዳ ላይ ልስቀለው አለኝ። ወለል ግድግዳ ላይ! ወላሂ ሰው አብዷል።»

«እኔ ልረግጠው ነው፣ አባባ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የመኪና ጠጋኙ።»

«የጆሮው?» ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። «በሕይወት አለ? አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው አንቺ ምን ልታደርጊ መጣሽ? እሱን አምጪው።»

በማግስቱ አባቴ ትከሻዬን ይዞ መኪና ግርግርን ወረድን። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እዚያ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ቀኑ ነው። ከዚህም ከዚያም ጠሩት፣ እጁን ሳሙት፣ አንዱ ከወንበሩ ሳይነሳ መኪናውን እየረገጠ «ጆሮው፣ አለህ?» አለው። አባቴ «እኔስ አለሁ፣ ያንተ መኪና ነው የሞተችው፤ ዘይት ካየች ስንት ጊዜዋ ነው?» ሲለው መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ትከሻዬ ላይ ያለው እጁ ቀለለኝ። ልጅ ሆኜ የዘይት ጣሳውን ይዤ ስከተለው የማየው ጀርባውን ብቻ ነበር። አሁን እኔ ነኝ ከፊት።

ሽማግሌው ጣውላዎቹን አንድ በአንድ አወረዱለት። አሥራ ስድስት ናቸው፣ የጥድ እንጨት፣ ከስንዝር የሚሰፉ፣ በእጅ መጋዝ የተሰነጠቁ። የተረገጠው ፊታቸው ለስልሶ ጠቁሯል፤ አንዱ ጠርዙ ላይ በካውያ የተቃጠለ ጠባሳ አለው። አባቴ ጫፋቸውን በሁለት ድንጋይ ላይ አስደግፎ በመፍቻው እጀታ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

«ሀብሐብ ልትገዛ ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉት።

«ሀብሐብስ ቢሆን አንኳኩተው አይደል የሚገዙት፣ አንቱ?»

አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። «ይቺ ታማለች» አለ።

«ማን? እሷ? አባቴ የመረጣት እንጨት ናት።»

«እግሯ ጋ ነው የታመመችው።»

ሽማግሌው ከወገባቸው የልብስ መቀስ አውጥተው ጫፏን ወጉት። መቀሱ ሰተት ብሎ ገባ። መቀሱንም አባቴንም አዩ። «ያ ረቢ» አሉ፣ «ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ አልነገረችኝም።» የኛ ሳሎን ከሳቸው ቀላ በአንድ ክንድ ስለሚያጥር የታመመው ጫፍ እንዲቆረጥ ተስማማን። ዋጋውም ቶሎ ተነገረ፣ ቶሎ አለቀ። ያከራከረን ሌላ ነው።

«በቁጥራቸው ነው የሚነጠፉት» አሉ። አንዱን ገልብጠው ሆዱን አሳዩን፤ ጫፉ ላይ በስለት የተቀረጸ ቁጥር አለ፣ በዓረብ ቁጥር። «አባቴ እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ጋር አላምዶ፣ ጠርዙን ልጎ ነው የጻፈባቸው። በተራቸው ከሆኑ ፈረስ ቢሄድባቸው ድምፅ የላቸውም። እንግዳ ሲገባ የሚጮህ ወለል ነውር ነው ይል ነበር። ሃምሳ ዓመት እዚያ ላይ ስሰፋ አንድ ቀን ጮኸው አያውቁም።»

እኔ ሐረርን የዞርኩት ለሚጮህ ወለል ነው፣ ሰውዬው የሚሸጡልኝ ዝምታ ነው። አባቴን አየሁት። እሱ ግን «እሺ፣ በቁጥራቸው» አላቸው፣ ሳያስብ።

«አንቺም በይ» አሉኝ።

«እሺ።»

«ሲያልቅ መጥቼ አያለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ስንመለስ መንገድ ላይ አላስቻለኝም። «አባዬ፣ ዝም የሚል ወለል ምን ያደርግልሃል?»

«እንጨቱ የሳቸው ነው። እሺ ብያለሁ።»

«እኔ ግን...»

«አንቺም ብለሻል።»

ጣውላዎቹ በአሮጌ ፔጆ ጣሪያ ላይ ታስረው፣ በሁለት ጉዞ፣ አቦከር ደረሱ። ወንድሜ ሲያወርድ እየሳቀ ነበር። «ድምፅ ከሌለው ከሴራሚኩ በምን ተለየ? ቢያንስ ሴራሚኩን ምስጥ አይበላውም።» ለተንኮል አሳብ አላጣሁም። አንዱን ምስማር ባላጠብቅ፣ አንዱን ሞራሌ በወረቀት ከፍ ባደርግ ብዬ አስቤአለሁ። ግን እሺ ብያለሁ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ሆን ብላ ነው ያደረገችው ይላል። ውሸቱን ነው።

አናጢው የሰፈራችን ሰው ነው፣ ጎበዝ፣ ግን የጣውላዎቹን ሆድ ሲያይ ግራ ገባው።

«ይሄ ዜሮ ነው?»

«አምስት ነው።»

«ይሄስ? ሰባት።»

«እሱ ስድስት ነው።»

«እንግዲያው አንቺ አንብቢ፣ እኔ ልምታ።»

አነበብኩ። አሥረኛ ክፍል አጠገቤ የምትቀመጥ የጀጎል ልጅ ነበረች፤ አስተማሪ ሲሰለቸን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ቁጥራቸውን እየጻፈች አስተምራኛለች። ሰባታቸው አፉን ወደ ላይ የከፈተ ባላ ነው። ስምንታቸው ያው ባላ ተደፍቶ። እኔ ጣውላዎቹን ለማድረቅ ግድግዳው ስር ደርድሬአቸው ነበር፣ እየዞርኩ እያነበብኩ ፊታቸው ላይ በጠመኔ በኛ ቁጥር ጻፍኩ። ችኩል ነኝ። ሁለቱ ከሌሎቹ በተቃራኒ ራሳቸው ወደ እግር ዞሮ እንደተቀመጠ አላየሁም። ቁጥሩን በቁሙ ሳይሆን ዘቅዝቄ ነው ያነበብኩት፤ ሰባቱ ስምንት ሆነ፣ ስምንቱ ሰባት።

አናጢው ከስድስት ቀጥሎ ሲመታ «ይቺ ከጎረቤቷ ጋር አልተዋደደችም» አለ። አጠበቃት፣ አሁንም ቀጭን ክፍተት ቀረ። «ሁለት ዓመት ውጪ ያደረ እንጨት ነው፣ ይለምዳል» ብሎ አለፈ። እኔም አለፍኩ።

ሲያልቅ ቅዳሜ ነበር። የሻማ ቁራጭ በላምባ አቀለጥኩ። የወንድሜ ሚስት ሽታውን ጠልታ መስኮት ስትከፍት ቆየችና መጨረሻ ላይ የባሏን አሮጌ ሹራብ እግሯ ላይ አስራ መጣች። «እንዴት ነበር የምታደርጉት?» አለችኝ። አሳየኋት። ሁለታችን ከግድግዳ ግድግዳ ስንንሸራተት ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጫማውን አወለቀ። ያን ዕለት ስለ ሴራሚክ ማንም አልተናገረም።

ከዚያ አባቴን አምጥተን ከሳሎኑ ጫፍ፣ መስኮቱ ስር አስቀመጥነው። በሩ ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ የሚመጣ ሰው አሥራ ስድስቱንም ረግጦ ነው ወደሱ የሚደርሰው። እኔ ከበሩ ተነሳሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው፣ እንደ ሊሾው ዝም ያለ ወለል። ከስድስተኛው ወዲያ እግሬን ሳሳርፍ ግን፣ ጭርር።

አባቴ ራሱን ቀና አደረገ። «እንደገና» አለ።

እንደገና ሄድኩ። ጭርር።

«ወንድምሽ ይሂድ።»

ወንድሜ ሄደ፤ ረዘም አድርጋ አቃሰተች። ሚስቱ ሄደች፤ እርምጃዋ አጭር ስለሆነ ሁለቴ ትረግጣታለች፣ ሁለቴ አጠር አድርጋ ጮኸች። አባቴ ፊቱ ተፈታ። ያን ሳምንት በሙሉ ሲያመላልሰን ዋለ፣ ሂዱ፣ ኑ፣ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶ እጃችሁን ኑ። የወንድሜ ሚስት «ቅርጫት ይዣለሁ ወይስ አልያዝኩም?» እያለች ትጫወተው ጀመር፣ አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። እኔን ግን «አንቺ አትረግጫትም፣ ታልፊባታለሽ። አንዴ ጭርር ብላ ዝም ካለች አንቺ ነሽ» አለኝ። «ማነው?» በየቀኑ እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ማታ ራት ላይ ሳስበው ከጠዋት ጀምሮ አልሰማሁትም።

ለምን እንደምትጮህ አልጠየቅንም። እኔ እንጨቱ ነው ብዬ ነበር።

የምሄድበት ቀን ጠዋት ቦርሳዬን ሳሎን በር ላይ አስቀምጬ ወንድሜ ባጃጅዋን ከግቢ ሲያወጣ፣ ሽማግሌው መጡ። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ። ወደ ታች እያዩ፣ በእያንዳንዱ ጣውላ ላይ ትንሽ እየቆሙ ነው የሚራመዱት፣ የሚያውቁት ሰው ሰላም እንደሚሉ። ከስድስተኛው ወዲያ፣ ጭርር። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እንኳን ደህና መጡ፣ አንቱ» አለ አባቴ ከመስኮቱ ስር።

በከዘራቸው ወለሉን ነካ ነካ አደረጉ። «የካውያው ጠባሳ እዚህ አልነበረም። እኔ ነኝ ያቃጠልኳት፣ ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ቀጥቶኛል፣ የት እንዳለች አልረሳም። ይቺ ስምንት ናት። ሰባት ቦታ ላይ ምን ታደርጋለች? ቁጥሩን ያነበበው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንዴት ነው ያነበብሽው?»

አሰብኩ፣ ጣውላዎቹ ግድግዳው ስር የነበሩበትን። ያኔ ነው የገባኝ። ጣቶቼን እንደ ባላ ከፈትኩ፣ ከዚያ ደፋሁ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዘቅዝቀሽ» አሉ። «የኔ ልጅ፣ እኔን በሰው ፊት አቃጠልሽኝ። አናጢውን ጥሪ፣ ይነሱ።»

ወንድሜ ደጅ ጥሩምባ ነፋ።

«አንቱ» አለ አባቴ፣ «ሲገቡ ማነው አልኩ?»

«አላልክም።»

«ከዘራውን በግራዎ ነው የያዙት። ድሮ በቀኝ ነበር።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመለከቱ። «ትከሻዬን አሞኝ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ። «ቢሆንም ስህተት ነው።»

«ስህተት ነው።»

«አባቴ ቢሰማ መቃብሩ ውስጥ ይገላበጣል።»

«የኔ አባት ደግሞ እዚሁ ቦታ ላይ እንዲህ የምትል ነበረችው።»

«ያንተ አባት ወለል አያውቅም ነበር ማለት ነው።»

«አያውቅም ነበር። ግን ማን እንደገባ ያውቅ ነበር።»

«እሺ ብለኸኝ ነው የወሰድከው።»

«ብያለሁ። ይነሱ ካሉ ይነሳሉ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ያዙ። ወንድሜ እንደገና ነፋ። ጎንበስ ብዬ የሽማግሌውን እጅ ሳምኩ፣ አልከለከሉኝም።

«አንቺ ደግሞ ወዴት?» አሉኝ። «የገለበጥሽውን ሳታቃኚ?»

«አዳማ፣ ለሥራ።»

«ራስሽ ነሽ የምትነቅያት፣ ሌላ ሰው እጁን አያሳርፍባትም። ስትመለሺ። እስከዚያ...» ወደ አባቴ ዞሩ። «እስከዚያ ዘይት አታጠጣት። መኪና አይደለችም።»

አባቴ ሳቀ። የድሮ ሳቁን ነው። አጠገቡ ተንበርክኬ ጉንጩን ሳምኩት፤ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ፣ አገላብጦ ሳመኝ።

«ሂጂ» አለኝ።

ቦርሳዬን ከበሩ ላነሳ ተነሳሁ። ከአሥራ ስድስት ወደ አንድ፣ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ጠባሳው ጋ ስደርስ በሙሉ እግሬ ረገጥኩ፣ ጮኸች፣ ረዘም አድርጋ። ከኋላዬ ማነው የሚል አልነበረም። ሦስቱን የድንጋይ ደረጃ ወረድኩ፣ ቦርሳዬን ባጃጁ ውስጥ ወርውሬ ገባሁ።